የአያ ባዬ የወፍ ደብተር

በአገራችን ያየውን ሁሉ ለሚመለከተው ክፍል ሳያሳውቅ የማያድር ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ቧንቧ ሲፈነዳ ውሃው አስፋልት ሳይደርስ ቀበሌ የሚደርሰው እሱ ነው። የመብራት ምሰሶ ሲያዘነብል ወደየት እንዳዘነበለና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ስብሰባ ላይ "አንድ ጥቆማ አለኝ" ብሎ እጁን ሲያነሳ ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል፤ ተሰብሳቢው በሩን ያያል። የሌላው ከተማ ሰው ስለ ቧንቧና ስለ ምሰሶ ያሳውቃል። የኛው የፍኖተ ሰላሙ ግን የሚያሳውቁት ስለ ወፍ ነው።

ሊቀ አእዋፍ ባዬ እላቸዋለሁ። ማዕረጉን ሳላስፈቅድ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ሌላው ሰው አያ ባዬ ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆነው ከቡሬ እስከ ሽንዲ በእግራቸው ሲዞሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጣ ወንድ ወይ ዕድር ይመራል ወይ ሚስቱን ይመራል። የአያ ባዬ ሚስት ቀድመዋቸው አርፈዋል፤ ዕድሩም ሌላ ሰው መረጠ። ስለዚህ ወፍ ላይ ተሰማሩ። አንገታቸው ላይ አንደኛው መስተዋቱ የተሰነጠቀ የሩቅ ማያ መነጽር ይንጠለጠላል፤ ብብታቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አለ።

እኔ ቻይነሽ እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ዓርብ ዓርብ የሊቀ አእዋፍን ሪፖርት የምተይበው እኔ ነኝ። ሪፖርቱ አዲስ አበባ ላለ አንድ የወፍ ማኅበር ይላካል። ማኅበሩ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ "ሪፖርትዎ ደርሶናል" የሚል ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። ደብዳቤዋ በፍሬም ሆና ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች፤ ከሠርጋቸው ፎቶ ከፍ ብላ።

"ጻፊ፣ ቻይነሽ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ብዛት።"

"አያ ባዬ፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀኝ እኮ ነው።"

"ሰውማ ነገም አለ። ሽመላ ግን መንገደኛ ናት።"

ማክሰኞ ገበያ ላይ በእግሩ የመጣውን ገበሬ ሁሉ ያቆማሉ። አንዱ ምስኪን እህሉን ተሸክሞ እንደቆመ፣ "ትናንት ማሳዬ ላይ አርባ ሽመላ አርፎ ዋለ" አላቸው።

"ቆጠርኻቸው?"

"ኧረ አያ ባዬ! ወፍ ማን ይቆጥራል?"

"እኔ።"

"አርባ ይሆናል ብዬ ነው እንግዲህ።"

"ይሆናል አይጻፍም። እኔ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም" ብለውት ደብተሩን ከደኑ። ሰውዬው ውሸታም የተባለ መስሎት ሳምንቱን ሙሉ ሲያኮርፍ ሰነበተ።

ጅጋ የእኅቴ ልጅ ሠርግ ላይ ያደረጉትንማ ዘመድ አይረሳውም። ቄሱ ሙሽሮቹን ሊመርቁ ሲነሡ፣ አያ ባዬ ከዳሱ መሃል ብድግ ብለው "እንዳትነቃነቁ!" አሉ። ሁላችንም እባብ ነው ብለን ደርቀን ቀረን። "ጉጉት! በጠራራ ፀሐይ! ሰዓት ስንት ነው?" ጉጉቷ በሙሽራው ራስ ትክክል ምሰሶው ላይ ተቀምጣለች። የሙሽራው እናት ጮኸው ወደቁ። አያ ባዬ ሰዓቱን ጻፉ። ሙሽሮቹ ደኅና ናቸው፣ መንታ ወልደዋል፤ የሙሽራው እናት ግን አያ ባዬን ባዩ ቁጥር እስከ ዛሬ ያማትባሉ።

እውነቱን ልናገርና፣ ዓርብ ዓርብ ከሩቅ ሳያቸው የማተሚያውን ገመድ ነቅዬ "ተበላሽቷል" ማለት ጀምሬ ነበር። ምንም አልጠቀመኝ። እስኪሠራ ቁጭ ብለው ስለ ጅግራ እርባታ ያስረዱኛል።

ዓምና መንገዱ ተዘጋ። አውቶቡስ ቆመ፤ ኔትወርክ ጠፋ። አንድ ቀን ተኩስ ከወዲህ፣ ሌላ ቀን ከወዲያ። ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ ድምፁን መቀነስ ለመደ። ሪፖርቱ የሚላክበት መንገድ እንኳ አልነበረም። አያ ባዬ ግን ዓርብ መጥተው ያስተይባሉ፤ "ሲከፈት በአንድ ላይ ይሄዳል" ይላሉ። "እባክዎ ይተዉ፣ በዚህ ጊዜ መነጽር አንጠልጥሎ ሜዳ መዞር ምን ይባላል?" ብላቸው፣ "ወፎቹ አላቆሙ፤ እኔ ለምን አቆማለሁ?" አሉኝ።

ኅዳር ላይ ያዟቸው። የያዟቸው የታጠቁ ሰዎች ናቸው፤ የየትኞቹ እንደሆኑ አልጽፍም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ደብተሩን ገልጠው እንዲህ ጠየቋቸው፤ ይህን የማውቀው በኋላ ቃል በቃል ስለነገሩኝ ነው።

"'ጆፌ አሥራ አራት፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ።' ጆፌ ማን ነው?"

"አሞራ ነው፣ ጌታዬ።"

"አሥራ አራቱ ወደ ምዕራብ ምን ሊያደርጉ ሄዱ?"

"ሊበሉ።"

"የማን ናቸው?"

"የእግዚአብሔር።"

በዚህ መልስ የግራ እጃቸው ሁለት ጣት ተሰበረ።

በአሥረኛው ቀን አንድ ሸምገል ያለ ታጣቂ መጥቶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። "በኛ አገር በክረምት ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝም ጥቁር ወፍ አለች። በበጋ የት ትሄዳለች?" አላቸው። የትም እንደማትሄድ፣ ጭራ ያለው ወንዱ ብቻ እንደሆነ፣ ክረምቱ ሲወጣ እንደሚያራግፈውና ያን ጊዜ ከድንቢጥ እንደማይለይ ነገሩት። ሰውዬው "አባቴም እንደዚሁ ይል ነበር" አለ። በማግሥቱ ለቀቋቸው። ደብተሩንም መለሱላቸው፤ ሁለት ገጽ ብቻ ለሲጋራ ተቀዶ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ የመጡት እኔ ቤት ነው። በጨርቅ የተጠቀለሉትን ጣቶች ሳይ አለቀስኩ። "ማልቀሱን ተይና ጻፊ፤ በመስኮት ያየሁት አለ። ድንቢጥ፣ ሁለት" አሉኝ። ጻፍኩ። ሲሄዱ ግን እርምጃቸው እንደ ድሮው አልነበረም። አንድ ሰው ከኋላቸው በር ሲዘጋ ዘለሉ።

ከኔ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ሰይፈ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ የሚሰማው የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ነው። መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ክር ከከተማው ጠፋ። ጨርቅ ነጋዴው ሙዓዝ ዘንድ ሄደ፤ የለም። ስለዚህ ታኅሣሥ ስምንት ማለዳ፣ ቡሬ ይገኛል ሲሉ ሰምቶ በእግሩ ወጣ። አልተመለሰም።

ሚስቱ ዓባይነሽ ያልጠየቀችው ሰው የለም፤ የሰው መልስ ደግሞ አያልቅም። ባሕር ዳር ታስሮ ታየ አሉ። ሽንዲ አንድ ቤት ተደብቋል አሉ። ቆስሎ ሱዳን ተሻግሯል ያለም አለ። አንዱ ሲነግራት ትስቃለች፤ ሌላው ሲነግራት ትወድቃለች። በየካቲት የአፋልጉኝ ወረቀት እንድሠራላት ፎቶውን ይዛ መጣች። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ አያ ባዬም ወንበሩ ላይ ነበሩ።

"በየትኛው መንገድ ነው የሄደው?" አሉ።

"በማንኩሳ፣ አያ።"

"መቼ?"

"ታኅሣሥ ስምንት።"

ደብተሩን ገለጡ። አንድ ገጽ ላይ ቆዩ። ከዚያ ከደኑትና ሪፖርታቸውን ሳያስተይቡ ወጥተው ሄዱ። በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ሱቅ ስከፍት ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ገጹን አሳዩኝ። "ታኅሣሥ 9። ከረፋዱ 4 ሰዓት። ማንኩሳ ሳይደረስ፣ ከመንገዱ በስተግራ ያለው ሸለቆ። ጆፌ፣ 22። ምክንያቱ አልታወቀም።"

"ከብት ይሆናል" አልኳቸው።

"በዚያ ሰሞን ከብት የሞተበት ሰው እንደሌለ አጣርቻለሁ። አየሽ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ወርጄ አይ ነበር። ምክንያቱን ሳላይ ሄጄ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን እጄ ገና አልሻረም። ፈራሁ፣ ቻይነሽ። ፈርቼ ‘አልታወቀም’ ብዬ ጻፍኩ።"

"ለሷ እንዳይነግሯት። ተስፋዋን ለምን ይገድሉባታል?"

"ያላት ተስፋ አይደለም። ወሬ ነው" አሉ፤ ሄደውም ነገሯት።

መንገዱን ወደ ያዙት ሰዎች ሽማግሌ ልከን ለአንድ ቀን ፈቃድ አገኘን። የሄድነው አያ ባዬ፣ ዓባይነሽ፣ ወንድሟ አስናቀው፣ ሙዓዝና እኔ ነን። ሙዓዝ አቡጀዴ ቆርጦ ይዞ ነበር። "እኔ ዘንድ ክር ቢኖር አይሄድም ነበር" እያለ መንገዱን ሙሉ ያንኑ ይደጋግማል። ዓባይነሽን መንገዱ ዳር አስቀምጠን ወረድን። ያገኘነውን ሁሉ አልናገርም። ኮቱ ነበር። በኮቱ ኪስ የልብስ መለኪያው ሜትር ተጠቅልሎ ነበር፤ አንድም ቁጥር አልጠፋበትም። የራስ ቅሉ ላይ የጥይት ቀዳዳ ነበር። ማን እንደተኮሰው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አስናቀው ሜትሩን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ የዓባይነሽን ጩኸት ሰማን።

ቀብሩ ላይ አባ እንድሪያስ ስሙን ከጻፉ በኋላ "ያረፈበት ቀን መቼ ነው?" ብለው ጠየቁ። አርባው አልፎ ይሁን አይሁን፣ ተዝካሩ ከመቼ እንደሚቆጠር የሚያውቅ አልነበረም። አያ ባዬ ከኋላ ሆነው ተናገሩ።

"ታኅሣሥ ስምንት ነው፣ አባ። በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያ አልፌ ነበር፤ ምንም አልነበረም። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ጆፌው ነበረ። ስምንት ማለዳ ወጥቷል። እዚያ የደረሰውም ስምንት ነው።"

ዓባይነሽ ቀና አለች። "ስምንት? በወጣበት ቀን?"

"በወጣበት ቀን።"

"አልታሰረም? አልተገረፈም?"

"አልታሰረም፣ ልጄ።"

ስልሳ ሦስት ቀን ሙሉ በየእስር ቤቱ ሲገረፍ በልቧ ስታየው ኖራ፣ ያን ጊዜ ገና ትከሻዋ ወረደ። አያ ባዬ ግን አልጨረሱም። ሰው በተሰበሰበበት፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ "ታኅሣሥ ዘጠኝ ዕለት ወርጄ ባይ ኖሮ ይህን ሁሉ ጊዜ አትጠብቂም ነበር። ፈርቼ ነው" አሏት።

"ቢወርዱ ኖሮ እርስዎንም ከጎኑ እናነሣ ነበር" አለቻቸው። ተነሥታም ጉልበታቸውን ሳመች።

አያ ባዬ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ከቤት ሲወጡ አልታዩም። ዓርብ ይመጣል፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "ተገላገልኩ" እላለሁ፤ ግን በየመካከሉ ወደ መንገዱ አያለሁ። በአራተኛው ሳምንት ሱቄን ዘግቼ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ሴቶች ተቀምጠዋል። ከማንኩሳ፣ ከቡሬ፣ አንዷ ከደንበጫ። ሁሉም ፎቶ ይዘዋል። የሰይፈ ነገር ተወርቶ፣ ፍኖተ ሰላም የአሞራ ደብተር ያላቸው ሰውዬ አሉ ተብሎ ነው የመጡት። አያ ባዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ያስተናግዳሉ። መንገዱን ይጠይቃሉ፤ ቀኑን ይጠይቃሉ፤ ገጹን ይገልጣሉ። ፊታቸው ከስቷል። ዳግም ወጥተው መቁጠር የጀመሩት እነዚህ ሴቶች መምጣት ከጀመሩ ወዲህ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት፤ በሌላኛው በር ወጥተው፣ በሌላ መንገድ፣ ለኔ ሳይነግሩኝ።

የመጨረሻዋ ካሰች የምትባል የቡሬ ሴት ነበረች። "ልጄ ይታገሱ ይባላል። በጥር መድኃኔዓለም ዕለት ከዚህ ወደ ጅጋ እንደ ሄደ ነው" አለች።

ገጾቹን ቀስ ብለው ገለበጡ። "በጅጋ መንገድ ከዚያ ዕለት እስከ የካቲት አምስት ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ። ጆፌ አላየሁም።"

ካሰች ደብተሩን ከእጃቸው ወስዳ እንደ ወንጌል ሦስት ጊዜ ሳመችው። "እንግዲያውስ ልጄ አለ!"

የአያ ባዬን አፍ አየሁ። አላየሁም ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ እኒህ ሰውዬ ለስንት ገበሬ፣ ለስንት አስተማሪ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። በዚያ መንገድ ስንት ሸለቆ እንዳለ፣ ሦስት ጊዜ ማለፍ ምንም እንዳልሆነ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም። አፋቸው ተከፈተ። ጠበቅሁ። ተመልሶ ተዘጋ።

"ሳይመሽብሽ ተነሽ፣ እቴ" አሉና ዘንቢሏን ከእጇ ተቀበሏት።

እስከ መናኸሪያው ሸኟት፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ካሰች መንገዱን ሙሉ ስለ ይታገሱ ስታወራ ነበር፤ ምን እንደሚወድ፣ ሲመለስ ምን እንደምታበላው፣ የማንን ልጅ እንደምታጭለት። ሊቀ አእዋፍ ባዬ ዘንቢሉን ተሸክመው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ በየመካከሉ "እንዴታ፣ እንዴታ" ይሏታል።