የሚመለከተው ክፍል

ሀርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ ስትጠገን የትምህርት ቤቶቹ ጣሪያ ተመለሰ፤ መምህሩ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ በጡረታ ዘመኔ የመካከለኛ ደረጃ መምህርነት ዲግሪ ለመማር ኮሌጅ ገባሁ። አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜውን ሙሉ በመንግሥት ቢሮ ደብዳቤ ሲመራ የኖረ ሰው ከልማዱ በምን ይድናል?

የመጨረሻው ፈተና ክፍል ገብቶ ማስተማር ነበር፤ ከወደቅሁ ዲግሪው ቀረ። ፈታኟ ከኋላ ተቀምጣለች። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ» አልኋት።

«ሁለት አራተኛ እንዴት ግማሽ ይሆናል?» ብላ ጽፋ አመጣች። ከኅዳጉ ላይ «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ብዬ ፈረምሁበት።

ፈታኟ ወረቀቱን አየች። «ወላሂ አጎቴ፣ የሚመለከተው ክፍል እርስዎ ነዎት!»

ደንግጬ ጠመኔዬን አራት እኩል ቦታ ሰብሬ ሁለቱን ለልጅቱ ሰጠኋት።

«አሃ!» አለች።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ውጤቱ በማኅተም ተለጠፈ፦ «አልፈዋል፤ ጥያቄ ግን አይመሩም።»