ባለቤቴ የመረመረው የመጨረሻ ሞተር

መልካም ወሬ ጎህ ሳይቀድ በር አያንኳኳም። ያን ዕለት በሩን ስከፍት የእድራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አንዷ «እንዴት አደርሽ?» አለችኝ። ነጠላዋ ቀድሞ ነግሮኝ ምን ብዬ ልመልስላት? ባለቤቴ ታደለ ለሥራ ክፍለ ሀገር እንደሄደ ልቡ ቆሞ ቀረ። የመኪና ሞተር ሲመረምር የኖረ ሰው፣ የራሱን ማን መርምሮለት!

ታደለ እዚሁ ጉለሌ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄዱትን የሃይብሪድ መኪኖች የኤሌክትሪክ ሞተር ንዝረት ይለካ ነበር። ሞተሩ ላይ አውራ ጣት የምታህል መለኪያ ይለጥፋል፤ ሞተሩ ሲሽከረከር ንዝረቱ ኮምፒውተር ላይ መስመር ሆኖ ይሳላል። መስመሩ ከዘለለ ሞተሩ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው።

ሰልስቱ እንዳለፈ የአዲሱ ገበያው ነጋዴ ጋሼ ግርማ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝና፣ ንፍሮ ዘግነው፣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ታደለ ክፍለ ሀገር ሊሄድ ሲል በመጨረሻ መርምሮ ደህና ነው ብሎ የሰጠኝ ሞተር ድው ድው እያለ ይንቀጠቀጣል» አሉ። በለቅሶ ቤት! የታደለ የመጨረሻ ቃል ስህተት ነበር ማለት ነው? መኪናው ቁልቁለት ላይ ከድቷቸው ሰው ቢሞትስ? ሙት ተነስቶ አይከራከር። እንቅልፍ አጣሁ።

በነጋታው፣ ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም ቢባልም፣ ተከናንቤ ከጋሼ ግርማ ጋር ጋራዥ ሄድኩ። የታደለ ባልደረባ ሰለሞን መኪናውን አንስቶ መለኪያውን ለጠፈ። እመቤቴን እየጠራሁ መስመሩ ላይ አፈጠጥኩ። ንቅንቅ የለም። ሰለሞን «እትዬ፣ ይሄ ሞተር እንኳን ሊንቀጠቀጥ አያስነጥስም» አለኝ። ጋሼ ግርማ ግን «ታዲያ እኔ አበድኩ?» ብለው ተቆጡ።

ወደ ጳውሎስ ቁልቁል ነዳነው። ሃይብሪድ በኤሌክትሪክ ሲሄድ ጸጥ ይላል፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ድው! ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ሰለሞን አቁሞ የኋላውን ኮፈን ከፈተ። አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ ሙሉ የእንጦጦ ጸበል፣ በየመታጠፊያው ከጎን ጎን ሲላተም ኖሯል። መቼ እንደገባ ሲጠይቃቸው ጋሼ ግርማ አቀረቀሩ። «የታደለን ሞት የሰማሁ ዕለት ነው። መርማሪው ከሞተ መኪናው ምን ዋስትና አለው ብዬ…»

ከሐዘኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቅሁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ። ጋሼ ግርማ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ጀሪካኑን ግን አላወረዱም፤ በገመድ አሰሩት እንጂ።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ፣ አደራ፣ ለታደለ ነፍስ ጸልዩልኝ። ለመኪናውስ የሚጸልይለት አላጣም።