የእማማ ጥሩዬ የአውሮፕላን መስኮት

በር የሌላት ባጃጅ የኋላ መስታወቷን ጥቁር ስታስለጥፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በየቀኑ አያለሁ፤ የምለጥፈው እኔ ነኝና። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና መስታወት ስገጥምና ፊልም ስለጥፍ ነው የኖርሁት። ባለባጃጁ ይመጣና «ፀሐይ አስቸገረኝ» ይለኛል፣ በሐምሌ። እኔ አልከራከርም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ጠላ ሻጭ አይደለሁም፤ ፊልሜን እለጥፋለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ መልከ መልካም ሰው ሱቄ ገባና የአውሮፕላን መስኮት ስንቀይር ታግዘናለህ ወይ አለኝ። ቀልድ መስሎኝ «አምጣና እዚያ ጥላው ሥር አቁማት» አልሁት። አልሳቀም።

ካፒቴን ይበልጣል ይባላል፤ እዚሁ አጠገባችን ያለችው የአምበር ከተማ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከባልንጀሮቹ ጋር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ገዝቶ ያበርራታል። እናቱ እማማ ጥሩዬ ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። ቀዶ ጥገና የሚያደርግላቸው ሐኪም አዲስ አበባ ተገኝቷል፤ ግን ወደ ውጭ ሊሄድ ነው፤ ቀጠሮው ካመለጠ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። የመኪናው መንገድ ደግሞ ለወገባቸው አይሆንም። ስለዚህ ልጅየው በአየር ሊወስዳቸው መጣ። ማርቆስ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ባረፈ ማግስት በረዶ ወረደ። የእኛን በረዶ ታውቁት የለም? የኋላዎቹን መስኮቶች ግራና ቀኝ ሰነጠቃቸው።

ደግነቱ ቴክኒሻን ከአዲስ አበባ አዲሶቹን መስኮቶች ይዞ መጣ። የጎደለው የሚይዝለት እጅ ነበር። እጄ ነው እንግዲህ የተጠራ።

ሜዳው ላይ ሳያት መጀመሪያ ዙሪያዋን ዞርኋት። እስከዚያ ድረስ አውሮፕላን ለእኔ ሰማይ ላይ የሚያልፍ ድምፅ ነው። አሁን አጠገቧ ቆሜ ክንፏን በመዳፌ ነካሁት። እንዴት ስስ ነው በሉ። ቴክኒሻኑ የተሰነጠቀውን መስኮት ነቅሎ ሲሰጠኝ ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባኝ። መስታወት አይደለም። ጥርት ያለ፣ ቀላል ፕላስቲክ ነው። ያ ሁሉ ደመናና ነፋስ ከዚህ ማዶ ነው፤ ጮቄ ተራራ ከነጭጋጉ ከታች ነው፤ ሰው ደግሞ ከዚህ ወዲህ እግሩን አነባብሮ ውሃ ይጠጣል። እግዚአብሔር ሰውን ምን ያህል ቢወደው ነው ይህን ሁሉ ድፍረት ዝም ብሎ የሚያየው? ፕላስቲኩን ታቅፌ ፈዝዤ ቆምሁ። ቴክኒሻኑ ሦስቴ ጠራኝ መሰለኝ።

ፊልሜን በኪሴ ይዤ ሄጄ ነበር። «ይህን ብትለጥፍበት ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያበላሸዋል» አለኝ ቴክኒሻኑ። እሱ ሁለት ዓይነት ይዟል፤ አንዱ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ ሌላው ጭስ የመሰለ ጥቁር። ቀለሙ አብሮ የተሠራ ነው። ከፊት፣ አብራሪው ዘንድ፣ የግድ የጠራ ይሆናል። ከኋላ ግን እንደ ምርጫችሁ ነው አለ። እማማ ብርሃን ዐይናቸውን ስለሚወጋቸው ካፒቴኑ ጥቁሩን መረጠ። እኔም ደገፍሁ። ማን ጠይቆኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ደገፍሁ።

ካፒቴኑ ግን ጥሩ ልጅ ነውና እናቴ ሳትነካው አይገጠምም አለ። ቁራጭ ናሙናዎቹን ይዘን አምበር ወረድን። እማማ ጥሩዬ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉን። ጥቁሩን ወደ ፀሐይ አንስተው ዐይናቸውን አላመዱበትና ደስ አላቸው። «ልስልስ ያለ ጥላ» አሉት። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ምላሴ የነጋዴ ምላስ ናት። ለባጃጅ ነጂዎቹ የምለውን ለእርሳቸውም አልሁ፤ «ደግሞ እማማ፣ ከውስጥ ሆነው እርስዎ ሁሉን ያያሉ፤ ከውጭ ያለ ሰው ግን ፈጽሞ አያይዎትም» አልኋቸው።

ናሙናውን ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ አልሄድም አሉ።

ለምን ቢባሉም አልሄድም ብቻ። ልጃቸው ለመነ፤ ተቆጣ፤ መልሶ ለመነ። ቀጠሮው ደግሞ እየቀረበ ነው። ወደ ማርቆስ ስንመለስ መሬት ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ከፍታ ፈርተው ነው አልን። ነፍሳቸው ለሰማይ ቅርብ ስትሆን ደንግጣ ነው አልን። ያላልነው የለም።

በማግስቱ የነፍስ አባታቸው ቄስ ሞገስ ተለመኑ። እርሳቸው ደግሞ ነገር ያውቃሉ። «ጥሩዬ፣ ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ሲያርግ መስኮቱ ምን ዓይነት ነው ብሎ ጠይቋል?» አሏቸው። ሁላችንም በሆዳችን አበቃላቸው አልን። እማማ ጥሩዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ኤልያስማ ኤልሳዕ እያየው ነው የሄደ» አሉ። «እኔን ማን አይቶኝ ልሂድ? በዚህ አገር ተሸፍኖ የሚሸኝ ሬሳ ብቻ ነው።»

ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን አሳለሟቸውና ወደ እኛ ዞረው «የጠራውን ግጠሙ» አሉን። ሃያ ዓመት መስታወት ሳጠቁር ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ደግሞም እውነታቸውን ነው፤ እኛ ዘንድ መንገደኛ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ጎረቤት ወጥቶ፣ አይቶ፣ መርቆ፣ እንደገና ጠርቶ መርቆ ነው የሚለቀው።

የጠራውን ገጠምን። አምበር በአይሱዙ ተጭና ሜዳው ላይ ወረደች ብል ማጋነን አይደለም። እትዬ የሺ ሳይቀሩ መጥተዋል። እትዬ የሺ ማለት በድንበር ባሕር ዛፍ ተጣልተው ከእማማ ጥሩዬ ጋር ሰላም የማይባባሉ ጎረቤት ናቸው። ሰዉ ከአጥሩ ወዲህ ተደረደረ። ካፒቴኑ እናቱን የኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አስሮ አውሮፕላኗን በዝግታ በሰዉ ፊት ነዳት።

ቀኑ ጥርት ያለ ነበር። ፀሐይዋ በዚያ መስኮት በኩል እማማ ጥሩዬን ቀጥ ብላ ወጋቻቸው። ዐይናቸው እንባውን አወረደው። አልተከናነቡም። ፊታቸውን አልመለሱም። አንገታቸውን አቅንተው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ወደማያዩት ሰው እጃቸውን አወዛወዙ። ሰዉ ሲያይ ምን ይበል? ለካ ይህን ያህል ትወደናለች ብሎ ተላቀሰ። እትዬ የሺ ከሁሉ ባሱ፤ ባሕር ዛፉ ገደል ይግባ እያሉ ደረታቸውን መቱ። ያስነባቸው ብርሃኑ እንደሆነ የማውቅ እኔ ነኝ። ልናገር? አልተናገርሁም። እኔም አለቀስሁ፤ በምን እንደሆነ እስካሁን አላውቀውም።

ከዚያ አውሮፕላኗ ሮጣ ሮጣ መሬቱን ለቀቀችው። አንዲት የአምበር ሴት ከአንዲት ስስ ፕላስቲክ ጀርባ ተቀምጣ ከጭልፊት በላይ ወጣች። አፌን ከፍቼ ስከተላት አንገቴ ለቀናት ታመመ።

ቀዶ ጥገናው ሰመረ። ከሚመለሱበት ቀን በፊት ካፒቴኑ ደወለልኝና፣ ቴክኒሻኑ ሱቄ የተዋቸውን ጥቁር መስኮቶች በአውቶቡስ ላክልኝ፣ እዚህ ሊገጠሙ ነው አለኝ። ደነገጥሁ። ብርሃኑ እንደገና ዐይናቸውን ወጋቸው እንዴ አልሁት። እርሱ ሳቀና ስልኩን ለእናቱ ሰጣቸው።

«ኧረ ብርሃኑስ ተስማምቶኛል ልጄ» አሉ እማማ ጥሩዬ። «ይህን ሁሉ ዘመን እነሱ እያዩኝ እኔ ሳላያቸው ኖርሁ። አሁን ደግሞ እንግዲህ እነሱ ሳያዩኝ ትንሽ ልያቸው።»