ደጃፍ ላይ የተሰነቀረው ፍራሽ

[የሬዲዮ ቤት ደጃፍ። “ሬዲዮ” የሚለውን ስም የመንደሩ ሰው ያወጣለት ማጥፊያ ስለሌለው ነው። አንድ አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ በሩ ላይ ተሰንቅሯል። ሬዲዮ ከውስጥ ስለሆነ ድምፁ ይሰማል እንጂ መልኩ አይታይም። ከውጭ የቆመው የእህቱ ባል ነው፤ አርሶ አደር፣ አንዲት ቃል ከአፉ ሳትወጣ ሦስት ጊዜ የሚያላምጥ፣ በዚህም “ቀስበቀስ” የተባለ ሰው። አንድ እግሩን የደጃፉ ድንጋይ ላይ ተክሎ ፍራሹን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ከኋላው፣ የእርዳታ ድርጅት በስልኩ በላከለት ገንዘብ የገዛው ሁሉ ግቢውን ሞልቶታል፦ አንዲት ፍየል፣ የቆርቆሮ ክምር፣ ትልቅ ብረት ድስት፣ ከነማጠፊያው የተነቀለ በር ሳይቀር።]

ሬዲዮ፦ በጎኑ አልኩህ! በጎኑ!

ቀስበቀስ፦ ጎኑ የትኛው ነው?

ሬዲዮ፦ አንተ ሰውዬ፣ ፍራሽ ስንት ጎን አለው?

ቀስበቀስ፦ እኔ የማውቀው የምተኛበትን ነው።

ሬዲዮ፦ ኧረ ግፋ! የእርዳታዋ ልጅ ሳትደርስብን ግፋ!

ቀስበቀስ፦ ስለሷ እኮ ነው ልነግርህ የፈለግሁት። ጠዋት ወንዝ ዳር አገኘችኝና...

ሬዲዮ፦ አገኘችህ! ይኸው! ሰላይ ናት አላልኩህም? ደህና ሰው በጠዋት ወንዝ ዳር ምን ይሠራል?

ቀስበቀስ፦ እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ።

ሬዲዮ፦ አንተማ ውሃ ልትቀዳ ነው። እሷ ልታይ ነው፤ ማን ምን ገዛ፣ ማን ጉንጭ አወጣ። ስማኝ፣ እኔ አገር ዞሬ ያየሁ ሰው ነኝ።

ቀስበቀስ፦ ከተማ ልሄድ ብለህ ዝናብ የመለሰህ ጊዜ?

ሬዲዮ፦ ግማሽ መንገድም መንገድ ነው! ባየሁት ግማሽ ውስጥ በነፃ ገንዘብ የሚሰጥ አላጋጠመኝም። ወጥመድ ሥር እህል የሚበተነው ለወፏ ታዝኖ ነው?

ቀስበቀስ፦ ይቺ ወፍ ግን እህሉን በልታ ጨርሳለች።

ሬዲዮ፦ ምን ማለትህ ነው?

ቀስበቀስ፦ ገንዘቡ ከመጣ እኮ ቆየ። ዘንድሮ ዘሩን አልበላነውም። ከዚያ በፊትማ ክረምቱ ሲከብድ ለዘር ያልነውን ቆልተን እንቆረጥማለን፤ ከዚያ እኔ በሰው ማሳ በቀን ሥራ ስውል የራሴ ማሳ ጦሙን ያድራል። ዘንድሮ ግን...

ሬዲዮ፦ ዘንድሮ ግን ጌታ ሆንክ!

ቀስበቀስ፦ ዘንድሮ ግን የራሴን ዘራሁ። ትልቋም ልጄ ትምህርት ቤት ተመለሰች። እናቷም፣ እህትህ ማለቴ ነው፣ ወገቧን ከመሬት አነሳች። መጀመሪያ ይሄ ፍራሽ ላይ ጋደም ስትል “ሰመጥኩ፣ አውጣኝ!” ብላ ጮኸች። ላወጣት ብገባ እኔም ሰምጬ ቀረሁ።

ሬዲዮ፦ ይኸዋ! ይህ ሁሉ ያለው ሰው ድሃ ነው ይባላል? መጥታ ስታየው “ወዲህ መልስ” ትልሃለች! እኔ ባልኖርልህ ምን ይውጥህ ነበር? አሁን ቤትህ ብትገባ ከምስጥ በቀር የምታገኘው የለም።

ቀስበቀስ፦ አንተም ተራህ ሲደርስ ፍራሽ ግዛ።

ሬዲዮ፦ ተራዬን አታንሳብኝ! ከወንዙ ወዲህ ላለነው ገና አልደረሰንም። ሲደርሰኝ መጀመሪያ ጣሪያዬን ነው። ክረምት ሲገባ እኮ ውጭው አባርቶም እቤቴ ይዘንባል።

ቀስበቀስ፦ ወጥመድ ነው አላልክም?

ሬዲዮ፦ እኔማ አውቄው ነው የምገባው! አንተ ነህ ሳታውቅ የገባኸው። ግፋ!

ቀስበቀስ፦ በሩን ግን ለምን ነቀልነው?

ሬዲዮ፦ አዲስ ነዋ!

ቀስበቀስ፦ እህትህ ከገበያ ስትመለስ...

ሬዲዮ፦ በር የሌለው ቤት መግባት ምን ያስቸግራል? የሚያስቸግረው መዝጋቱ ነው።

ቀስበቀስ፦ ወንድምዓለም፣ “ፍራሹ ከዚህ ቤት የወጣ ቀን እኔም ተከትዬው እወጣለሁ” ብላኛለች። የምሯን ነው። ባዶ ቤት ካገኘች ጉዴ ፈላ። እስቲ እንመልሰው፤ ልጅቷ ጠዋት ያለችኝ እኮ...

ሬዲዮ፦ ያለችህን እኔ ልንገርህ! “ዛሬ ወደናንተ እመጣለሁ” አለችህ።

ቀስበቀስ፦ ወደኛ ሳይሆን ወደ...

ሬዲዮ፦ ዝም በል! ኮቴ ሰማሁ!

[የድርጅቱ ሠራተኛ፣ ወጣት ሴት፣ ጫማዋን ጭቃ ውጦት ትደርሳለች። ፍየሏን፣ ቆርቆሮውን፣ የተጋደመውን በር ታያለች። ሬዲዮ ፀጥ ይላል፤ ከተወለደ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።]

ልጅቷ፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ? የቤቱ ባለቤት አሉ?

ሬዲዮ፦ [ከፍራሹ ጀርባ] አለሁ! ግቢ ውስጥ የምታይው ሁሉ የኔ ነው! የሱ አንድም የለበትም! እሱ ምስኪን ነው፣ ቤቱ በር እንኳ የለውም!

ልጅቷ፦ ውይ! ፍራሹ ነው የሚናገረው?

ቀስበቀስ፦ ከጀርባው ሰው አለ።

ልጅቷ፦ ፍየሏም የርስዎ ናት?

ሬዲዮ፦ የኔ! እጄ ላይ ነው ያደገችው!

[ፍየሏ ገመዷን እየጎተተች ትመጣና የቀስበቀስን እጅ ትልሳለች።]

ልጅቷ፦ ቆርቆሮውስ?

ሬዲዮ፦ የኔ! ይቺ ምን አላት፣ ጓዳዬን ብታይው!

ልጅቷ፦ እሰይ! ደስ ይላል። እንግዲያው ርስዎን ማለፍ እንችላለን። የመጣሁት ከወንዙ ወዲህ ገና ገንዘብ ያልደረሳቸውን ቤቶች ለማየት ነበር። ቅድሚያ የምንሰጠው ምንም ለሌላቸው ነው።

[ፍራሹ ይንቀጠቀጣል።]

ሬዲዮ፦ ፍየሏ... ፍየሏ እንኳ እንግዳ ናት።

ልጅቷ፦ ቆርቆሮውስ?

ሬዲዮ፦ ከሷ ጋር ነው የመጣው።

ልጅቷ፦ በሩስ?

ሬዲዮ፦ በሩ... አመም አድርጎኝ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው!

ቀስበቀስ፦ [ካላመጠ በኋላ] ልጄ፣ ሁሉም የኔ ነው። የሱ ያ ጣሪያ ብቻ ነው፤ እሱንም ጣሪያ ካልሽው።

ልጅቷ፦ [ሳቋን መያዝ አቅቷት] አውቃለሁ ጋሼ። ፍየሏን ሲገዙ ሲከራከሩ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ነጋዴው ሊያለቅስ ነበር። የገዙት የርስዎ ነው፣ የሚያስመልስዎት የለም፤ ጠዋት ነግሬዎት የለ? የኚህን ሰው ግን ቤታቸውን ገብቼ ሳላይ ምንም ማለት አልችልም። በሩን ፍራሽ ዘግቶታል። ነገ ሲከፈት እመለሳለሁ። [እየሳቀች ትሄዳለች።]

ሬዲዮ፦ [በቀጭን ድምፅ] ሄደች?

ቀስበቀስ፦ ሄደች።

ሬዲዮ፦ ጠዋት ነግራህ ነበር?

ቀስበቀስ፦ “የሰጠነውን መልሰን አንወስድም፤ ዛሬ የምመጣው የባለቤትዎን ወንድም ቤት ለማየት ነው፤ ይንገሩልኝ” ነበር ያለችኝ።

ሬዲዮ፦ ታዲያ አትነግረኝም?!

ቀስበቀስ፦ ስነግርህ ነው የዋልኩት። አንዴ “አገኘችኝና” ድረስ፣ አንዴ “ያለችኝ እኮ” ድረስ ደርሼልህ ነበር።

ሬዲዮ፦ ወይኔ! ፍራሹ ቢገባና ይሄን ሁሉ ጓዳዬ አስገብተነው ብትደርስብን ኖሮ፣ አልቆልኝ ነበር! ያዳነኝ የበሩ ጥበት ነው። ጠባብ አድርጌ የሠራሁትም እኔ ነኝ። አርቆ ማሰብ ይሉሃል እንዲህ ነው!

ቀስበቀስ፦ በርህ ጠባብ አይደለም።

ሬዲዮ፦ ታዲያ እኔ ስስብ፣ አንተ ስትገፋ፣ ለምን አልገባም?

ቀስበቀስ፦ እኔ መቼ ገፋሁ?

ሬዲዮ፦ ይህን ሁሉ ሰዓት ግፋ፣ ግፋ ስልህ!

ቀስበቀስ፦ ስትል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ስጎትት ነው የዋልኩት። እህትህ ዛሬም የምትተኛው እዚህ ላይ ነዋ።

[ሬዲዮ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ማጥፊያው የት እንደሆነ ለካ እስከዛሬ የፈለገው ሰው አልነበረም።]

ቀስበቀስ፦ [እግሩን ድንጋዩ ላይ እያደላደለ] በል ወንድምዓለም፣ ከገበያ ሳትመለስብኝ። አሁን አንተ ግፋ።

ሬዲዮ፦ [በትሕትና] በጎኑ?