ዓይናቸውን ጨፍነው የሚቀበሉት ጋሼ ይማም

ዘፈን ሲቀበሉ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ እንደነሱ የምፈራው ሰው የለም። የቀወቱን ጋሼ ይማምን እንውሰድ።

ዘንድሮ ከሸዋ ሮቢት በባጃጅ ሄጄ ደቦ ገባሁ፤ ማሽላ ልንወቃ። ሰይድ ግጥሙን ያወጣል፤ እኛ በሁለት ረድፍ ቆመን ዱላችንን እያወረድን እንቀበላለን። ቀጭኑ ድምፅ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ጎርናናው ከሥር ይጎተታል። ሙቀቱ ሲጨመርበት ሰው ቆሞ ሕልም ያያል። ጋሼ ይማምማ ጭልጥ ብለው ሄደዋል።

ምሳ መጣ። ዱላችንን ጥለን ቢስሚላህ ብለን ጥላ ሥር ተቀመጥን። እሳቸው ግን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ብቻቸውን እየወቁ ይቀበላሉ። ከማን? ከማንም!

"ኧረ ነውር ነው! ሰው እየተቀበለ ዝም ይባላል?" አለ ሰይድ። ጉርሻውን ሳይውጥ ተነስቶ ግጥም አወጣላቸው። ግጥም ከወጣ ደግሞ ማን ይቀመጣል? አንድ በአንድ ተነሳን። ከተራራው በኩል ደመና ሲያጉረመርም የጋሼ ይማም አንድ ዓይን የተከፈተ መሰለኝ፤ ሕልም ነው ብዬ ተውኩት።

ዝናቡ ሳይደርስ የመጨረሻዋ ዛላ ተወቃች። ያን ጊዜ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሕፃን ዓይናቸውን ገለጡና፣ "ምነው ልጆቼ፣ ምሳችሁን ሳትበሉ?" አሉን።

አንጀቴን በሉት። ዓለምን እንዲህ የረሳ ሰው!

ለካ አውድማው የማን እንደሆነ አልነገርኳችሁም። የራሳቸው ነው።