ግራ እጄ በኢንተርኔት

ሰው ራሱን አያውቅም ሲባል ስለ ጠባይ የሚወራ ይመስለኝ ነበር። መልኩንም አያውቅም ለካ!

ካርቱም፣ ሳሃፋ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ሰሞኑን ገበያዋ ቀዝቅዟል። ዐማራት ሰፈር የሚሠራ ኡስማን የሚባል የቆየ ደንበኛዬ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ምሳ ከኛ ሊያሳዝዝ ቃል ገባልን። ልጄ ሃና ታዲያ፣ «አባዬ፣ እነሱ መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ነው የሚያዩት፤ ያላ፣ ገጽ እንክፈት» አለችኝ።

ጎረቤት ሳጎርስ ፎቶ አነሣችኝና ኮምፒውተሯ ላይ ለገጹ አናት ታሳምረው ጀመር። ቆረጠች፣ አበራች፣ አሳየችኝ። ፊቴ ጠመመብኝ። መስታወት ውስጥ የማውቀው ሰውዬ አይደለም! እኔ ብዙ አልናገርም፤ ያን ቀን ምን እንዳናገረኝ እንጃ፣ «አጣመምሽኝ!» አልኳት። «ወላሂ አባዬ፣ ፊትህን አልነካሁም» ብትል ማን ይስማት? አኩርፋ አንድ ነገር ስትጫን ምስሉ ቀኙ ወደ ግራ ዞረ። «አዎ፣ አባትሽ ይሄ ነው!» አልኩ። ከፊቴ አጠገብ በተረፈው ቦታ የምግብ ቤታችንን ስም በዐረብኛ ጻፈችበት። እኔ እንደሆነ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ፊቴን ብቻ አየሁ። መልኩን የወደደ ሰው እጁን መቼ ያያል?

በማግስቱ ኡስማን ስልኩን ይዞ መጣ። «ያ ሐጅ» አለኝ። ክርስቲያን መሆኔን ያውቃል፤ ሐጅ የሚለኝ ለሽበቴ ነው። «ቢሮው ሁሉ አየህ። ለመሆኑ እንግዳ የምታጎርሰው በግራ እጅህ ነው?»

ስልኩን ባይ፣ እውነትም ግራዬ! ለካ ዕድሜ ልኬን የማውቀው መልኬ መስታወት የገለበጠው ኖሯል። ግራ እጅ ለምን እንደሚውል አልዘረዝርም፤ ወሬያችን ስለ ምግብ ነው። መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ፤ አልተከፈተችም፣ ወጥ ቤት ገባሁ። ሃና እዚያ ሽንኩርት ትከትፋለች። «ማን ነበር ያስገለበጠኝ?» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻል ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ወጥ ቤቱ ቅቤ ሞልቶ ነበር፣ ምን ይረባል!

ምስሉን ወደ ቦታው መለሰችው። እጄ ቀና፤ ጽሑፉ ግን ካለበት አልተነቃነቀምና ፊቴ ላይ ተጋደመ። «ላንሣልህ?» አለች። «ተዪው ልጄ፣ ይሸፍነኝ» አልኳት።

ኡስማን አዲሱን አየና፣ «ማሻአላህ ያ ሐጅ! አሁን ገና ምግብህ አስጎመጀ!» ብሎ የቢሮውን ምሳ አዘዘ።