አልጋውን ይዞ የሚሄደው ጋረደው

ስደተኛ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ አንድ ሂያጅ አይጠፋም። ሂያጅ ማለት የሄደ ሰው አይደለም፤ የሄደማ ሄዷል፣ ቀስ በቀስም ስሙ ይረሳል። ሂያጅ ማለት ሊሄድ የተነሣ፣ ተነሥቶም የቆመ፣ ቆሞም ዕድሜውን ሙሉ ሲሰናበት የሚኖር ሰው ነው። ከልብሱ ግማሹ ሁልጊዜ ሻንጣ ውስጥ ነው። አዲስ ምንጣፍ አይገዛም፤ "ለማን ብዬ?" ይላል። ዛፍ አይተክልም፤ ሌላ ሰው በተከለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ግን ስለ መንገዱ ሲያወራ ይውላል። እዚህ ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ አንድ ሂያጅ አለ፤ ሀዋታም አይጠፋም። የሁሉም አለቃ ግን ገዳሪፍ ነው የሚኖረው፤ እሱም ክቡር ሂያጅ ጋረደው ነው።

ማዕርጉን የሰጠው ጎረቤቱ መልአኩ ነው። መልአኩ በወጣትነቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍልስፍና ያጠና፣ ከዚያ በኋላ በስደተኛ ትምህርት ቤት ጠመኔ ሲጨርስ ያረጀ ሰው ነው። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ልጅ አልወለደም፤ ወንድም እህቶቹም ከድንበሩ ማዶ አንድ በአንድ አልቀዋል። ቀኑን በመጽሐፍ ይገፋዋል። መጽሐፍ ግን ቢጠይቁት አይመልስም፣ ቢያስነጥሱ "ይማርህ" አይልም። ፀሐይዋ በረድ ስትል የሚመልስለት አንድ ጋረደው ብቻ ነው። ጋረደው ዓንገረቡን፣ ያችን የገመድ አልጋውን፣ ጎትቶ ከግቢው በር ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ያወጣል፤ መልአኩም የራሱን ጎትቶ ፊት ለፊት ያደርጋል። ከዚያ ጋረደው ገና ሳይቀመጥ፣

"ኸላስ፣ በቃ ተነሣን!" ይላል። የእሱ "እንደምን ዋልክ" ይኸው ነው።

"መቼ?"

"ኸሪፉ ይውጣና። ዝናቡ ያባራ፣ ጭቃው ይጠንክር እንጂ፣ ኸላስ!"

"አምናም ጭቃው ጠንክሮ ነበር።"

"ያ ሌላ ጭቃ ነው።"

የሚሄድበት አገር ጭልጋ ነው። ልጅ እግር ሳለ ጦርነትና ረሃብ አስወጡት፤ ከዚያ ወዲህ ሰሊጥ ገበያ ጆንያ ሲሰፋ ኖረ። ርቀቱን የሚያውቅ ሰው ይስቃል። የጠዋት አውቶቡስ የያዘ ሰው ከሰዓት በኋላ ድንበሩን ያያል። መልአኩም አንድ ቀን እንደ አስተማሪ ጠየቀው፤ ለምን እንደ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ አይሄድም?

"ገብቼ የት ላድር?" አለ ጋረደው።

"ዘመድ ቤት ነዋ።"

"የቱ ዘመድ? የማውቃቸው ሞተዋል፤ ያሉት አያውቁኝም። ተተወለድሁበት መንደር ገብቼ የሰው በር ላንኳኳ? 'ማን ልበል?' ሊሉኝ? እኔን? ተዚያስ እዚሁ ጅብ ይብላኝ!"

መልአኩ በዚህ አልሳቀም። ዓለም ከምትጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ይህ መሆኑን ከመጽሐፍም ከኑሮም ያውቀው ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ጋረደው ስልክ ላይ መኪና ማየት የጀመረ ጊዜ ነው። ሾዋክ የሚኖር ሉጥፊ የሚባል ሰው ፎቶዋን ለጥፎ ነበር፤ አልጋ ያላት መኪና። ፈረንጆች አገር ላገር ሲዞሩባት ኖረው፣ የሱዳኑ ጦርነት ሲነሣ ጥለዋት የሄዱ ናት። በፎቶው ላይ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ፣ የሰሃን ማጠቢያ፣ ምድጃና ባለ አበባ መጋረጃ ይታያል። ጋረደው ስልኩን እስከ አፍንጫው አስጠግቶ አየ፤ ክንዱን ዘርግቶ አርቆ አየ።

"መልአኩ! አልጋዬን ይዤ ነው የምሄድ! መንደሩ ጫፍ ላይ አቆማታለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ፤ እነሱ መጥተው ያንኳኩ። ያን ጊዜ 'ማን ልበል?' የምል እኔ ነኝ!"

ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ሞተሩ ይጠይቃል። ጋረደው ግን ወግ አዋቂ ነው፤ ሰው ገና ሳይተዋወቅ ወደ ዕቃ አይገባም። በድምፅ መልእክት የሉጥፊን ጤንነት ጠየቀ። ሲነጋ ስለ ማሽላው ጠየቀ። በማግስቱ እናቱን ጠየቀ። ሉጥፊ "ይህን ያህል የሚያስብልኝ ዘመድ መሆን አለበት" ብሎ እናቱን በስልክ አቀረበለት፤ አሮጊቷም አንድ የማታውቀው ሰው ስለ ጉልበቷ ሕመም ሲጨነቅላት ሰምታ አልቅሳ መረቀችው። እንዲህ ከተዛመዱ በኋላ "ሞተሯ ይሠራል ወይ?" ማለት ሰውን መጠርጠር ነው፤ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም አልጠየቀ፤ ያልተጠየቀውም አልተናገረ።

መኪናዋ በሰሊጥ ጫኝ መኪና እየተጎተተች ገባች። ሰፈሩ ወጥቶ ዳር ቆሞ አየ። አንዱ በሯ በገመድ ታስሯል። መጋረጃውን ፍየል በልቶታል። አልጋው ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች፤ "እሽ!" ብትባልም አልተነሣችም።

"ፎቶው አልዋሸም" አለ መልአኩ ዙሪያዋን እየዞረ። "እውነቱን ነው የተናገረው፤ የተናገረው ግን ድሮ ነው።"

የማዕዘኗ ባለሱቅ ራሒማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "አያ ጋረደው፣ የገዙት መኪናዋን ነው ዶሮዋን?" አለች።

"ሁለቱንም። ዶሮ የሌለበት ምኑን ቤት ይባላል?"

ከዚያ ዘርኣይ ተጠራ። ዘርኣይ ከስደተኞች ካምፕ የወጣ ሰምከሪ ነው፤ የተጨማደደ ቆርቆሮ በመዶሻ ቀጥቅጦ ወደ ልጅነቱ የሚመልስ። ሥሯ ገብቶ ተኛ፣ ወጣ፣ እጁን ጠረገ።

"ዋእ! እኔ መኪና ነው የምሠራው። ይህች ግን ለቅሶ ናት።"

"እንግዲያ ድንኳን እንትከል እንጂ አንቅበራት" አለ ጋረደው።

ሥራውም ተጀመረ። ቀለሟ ከባጃጅ ቀቢ የተረፈ አረንጓዴ ሆነ፤ አንድ ጎኗ ላይ ሲያልቅ ሌላው ጎን ቢጫ። የበሰበሰው ፍራሽ ወጥቶ ጋረደው የራሱን ዓንገረብ እግሮቹን በመጋዝ ቆርጦ አስገባበት። ማጠቢያዋ ላይ ጀሪካን ተሰቀለ። ከሁሉ ነገሯ አስቀድሞ የዳነው ጥሩንባዋ ነው፤ ሞተር ሳይኖራት ታለቅስ ነበር። ጋረደው መሪውን ይዞ እየነፋ ካቆመበት ሳይነቃነቅ ጭልጋ ደርሶ ይመለሳል።

በመጨረሻ ሞተሩ ተነሣ፤ ማርሾቿ ግን ሁሉም አንድ አሳብ አልነበራቸውም። የኋላው ብቻ እሺ አለ። ለተወሰነ ጊዜ ክቡር ሂያጅ ከተማውን በኋላ ማርሽ ዞሩት፤ አንገታቸውን ጠምዝዘው፣ አንድ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ያገኙትን ሁሉ በጀርባቸው ሰላም እያሉ። ራሒማ ሱቅ ድረስ በኋላ ሄዶ ሳሙና ገዝቶ በኋላ ተመለሰ።

"ይህች መኪና የእኛን ታሪክ ታውቃለች" አለ መልአኩ።

እዚህ ላይ ስለ መልአኩ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ማርሹ በተሰበረ ቁጥር በጋረደው ፊት ራሱን እየነቀነቀ ያዝናል። ዘርኣይ "አይሆንም" ባለ ቁጥር "አይዞህ" ይላል። ከዚያ ቤቱ ይገባና ሻይ ያፈላል፤ እንደ በዓል ቀን ቅርንፉድ ይጨምርበታል። በሯ ሲወልቅ ጠጥቷል፣ ራዲያተሯ ሲፈስ ጠጥቷል፣ ፍሬኗ የጠፋ ቀንማ ሁለተኛ ብርጭቆ ደግሟል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ጋረደው ከሄደ ኒሙ ሥር አንድ ዓንገረብ ብቻ እንደሚቀር፣ ከዚያ በኋላ በሕይወት መኖሩን የሚመሰክርለት ሰው እንደማይኖር ስለሚያውቅ ነው።

ዝናቡ ባባራበት ሰሞን ዘርኣይ መፋዛ በሚባል ከተማ ከወደቀ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ማርሽ ነቅሎ አመጣ። ገጠመው። መኪናዋ አንድ ጊዜ አስነጠሰችና ወደ ፊት ሄደች። ሰፈሩ እልል አለ። ያን ቀን መልአኩ ሻይ አላፈላም።

"ድንበሩ ጋላባት ላይ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነው" አለ ማምሻውን። "ወዲያም ወዲህም ተኩስ ነው። መንገዱ ክፉ ነው።"

"መቼ ደግ ሆኖ ያውቃል?"

"እዚያ ብትቀርስ?"

ጋረደው የኒሙን ቅጠል ሲቆጥር ቆየ። "እሱን እንጃ" አለ። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ጉዞው "እንጃ" ሲል የተሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መልአኩም ነገሩ የምር መሆኑን ያን ጊዜ አወቀ።

ወሬው ከተማውን እንዳዳረሰ አደራ መጣ። የእኛ ሰው መንገደኛ ከሰማ ባዶ እጁን አይሸኝም። ራሒማ ለመተማዋ እኅቷ ቶብ፣ ያን የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ልብስ፣ አመጣች። ከሰሊጥ ገበያ ለሻይ የሚሆን ከርከዴ መጣ። ዱቄት ወተት መጣ፣ ሽቶ መጣ፣ አሁን ራሷ የወለደች ልጅ በሕፃንነቷ የተገዛላት ጫማ መጣ። አደራ አይመለስም። ሕጉም ጽኑ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሰጣል፣ ለጎረቤት አይተውም፣ ባለቤቱ ከታጣ ደግሞ ተሸካሚው ራሱ ይዞ ተመልሶ በሰጪው እጅ ላይ ያኖረዋል። አደራ በልቶ ገዳሪፍ ላይ ፊቱን ያሳየ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

ጋረደው ሁሉንም "ማሺ፣ እሺ፣ ማሺ" እያለ ተቀበለ። ዕቃው ማጠቢያውን ሞላ፣ ምድጃውን ዋጠ፣ ዓንገረቡ ላይ ወጣ። ዶሮዋ ራሷ ተናዳ ወርዳ ሄደች። ሲመሽ ጋረደው የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ወደ ውስጥ እያየ፣

"አልጋዬን ሸፈኑብኝ እኮ" አለ። "አሁን የት ነው የማድር?"

መልአኩ ሳያስበው መለሰለት። "ይህ ሁሉ ዕቃ ምን መሰለህ? ይህ ሁሉ በር ነው። በየደረስክበት ያሳድሩሃል።"

"'ማን ልበል?' ቢሉኝስ?"

"'አደራ' ትላለህ። አደራ ይዞ የመጣን ሰው ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ አለ?"

የጋረደው ፊት በራ። መልአኩ ግን ከንፈሩን ነከሰ። ጓደኛውን እስከ ዛሬ አስሮ ያቆየውን የመጨረሻ ገመድ የፈታው እሱ ራሱ ነው፤ ያውም ሳይለመን።

"አንተስ?" አለ ጋረደው። "አደራ የለህም?"

"ለማን ብዬ?" አለ መልአኩ፣ ዓንገረቡንም ጎትቶ ገባ።

ጠዋት ሰፈሩ ለስንብት ተሰበሰበ። ሰው ትከሻውን እየመታ ሰላም ይለዋል፤ ራሒማ "ቶቡን እንዳያረጥቡብኝ አያ ጋረደው!" እያለች ታለቅሳለች። ሞተሩ ይንተፋተፋል። መልአኩ ከሁሉም ኋላ መጣ፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በጨርቅ ቅዳጅ የታሰረ ነገር በብብቱ ይዟል። በመስኮቱ አቀበለው።

"ይህን ለፋናዬ ስጥልኝ።"

"ፋናዬ ማን ናት?"

ፋናዬ ማንም አይደለችም። መልአኩ በዚያ ስም የሚጠራ ዘመድ ኖሮት አያውቅም፤ ስሟን ያወጣላት ከበሩ እስከ መኪናዋ ሲመጣ ነው።

"የ... የአክስቴ ልጅ ናት።"

"የት ነው የምትኖር?"

"ወደ ጎንደር ገባ ብሎ። ትጠይቃለህ፣ ይነግሩሃል።"

ጋረደው ዓይኑን አጥብቦ አየው። በዚያ ኒም ሥር የመልአኩን ዘር ማንዘር፣ የሞተውንም ያለውንም፣ እስኪሰለቸው ሰምቶታል። ከዚያ ጥቅሉን ጨበጥ ጨበጥ አደረገ። ደግሞ ጨበጠው።

"መልአኩ፣ ይህ መርኩብ ጫማ ነው። የወንድ ነው።"

"እግሯ ትልቅ ነው።"

"ደግሞ አንድ እግር ነው።"

"ሁለተኛውን..." መልአኩን ያን ሁሉ ዓመት የተማረው ትምህርት አንዲት ቃል አላቀብለው አለ። "ሁለተኛውን በሌላ መንገደኛ እልክላታለሁ።"

ጋረደው አልሳቀም። ወደ ሰዉ ዞር አለ፣ ወደ ጥቅሉ ተመለሰ። ከኋላ ከተቆለለው ጋር አልጨመረውም፤ አጠገቡ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጦ እንዳይወድቅ በቀበቶ አሰረው።

"ካጣኋትስ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ሕጉን ታውቀዋለህ።"

"አውቀዋለሁ። ይዤ እመለሳለሁ፣ በእጅህ ነው የማኖረው።"

ማርሹን አስገባ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ አንድ ጊዜ በልማዷ ወደ ኋላ ገፋ አለች፣ ከዚያ ወደ ፊት ሄደች። ጋረደው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮኸ፤

"መልአኩ! ይቺን ፋናዬን ግን አጥብቄ አልፈልጋትም!"